ተመሳሳይ አበባ ቀሳሚ ወፎችን በላባቸው መለየት፦ የዳንግላና የአካባቢው ደጋ እንደ ማሳያ

አጽሕሮት

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን በዳንግላና በእንጅባራ ዙሪያ የአበባ ወለላ የሚመገቡ፣ ላባቸው እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ ትናንሽ ወፎች ይገኛሉ። የእነዚህ ወፎች ዝርያዎች እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ በመስክ መዝገብ ላይ ስማቸው በቀላሉ ይምታታል። ይህ ጽሑፍ የሚያብረቀርቅ ቀለም ለምን ብቻውን አስተማማኝ መለያ እንደማይሆን ከላባው አሠራር በመነሣት ያብራራል፤ የትኞቹ የላባ ምልክቶች ቅድሚያ ሊሰጣቸው እንደሚገባ ያሳያል፤ በመጨረሻም ለአካባቢው የብዝኃ ሕይወት ጥናት ያለውን ፋይዳ ያመለክታል።

መግቢያ

ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የብሪታንያ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ መቀመጫውን ዳንግላ አድርጎ ነበር። ስሙ በይበልጥ የሚነሣው የዓባይን ሸለቆና የጣና ሐይቅን ዳርቻ በመቃኘቱና ይህንኑ ጉዞውን እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ በማሳተሙ ነው። ቺዝማን ግን የአእዋፍ አጥኚም ነበር። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሰበሰባቸውን የወፍ ናሙናዎች ከዊሊያም ስክሌተር ጋር መርምሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1935 እና በ1936 «አይቢስ» በተባለው የአእዋፍ ጥናት መጽሔት አሳትሟል። በዚህም ምክንያት የዳንግላ አካባቢ ብዙ የኢትዮጵያ ወረዳዎች የሌላቸውን ነገር፣ ማለትም ወደ ዘጠና ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው የአእዋፍ መነሻ መዝገብ ከያዘው ሰፊ ክልል ውስጥ ይገኛል።

መነሻ መዝገብ የሚጠቅመው ዛሬ ከሚሰበሰብ መረጃ ጋር ሲነጻጸር ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ መዝገቦች የተገኙበት መንገድ የተለያየ ነው። የቀድሞው በእጅ ላይ በተያዘ፣ በማስመሪያ በተለካ፣ ከሌላ ናሙና ጎን ለጎን በተቀመጠ ቆዳና ላባ ላይ የተመሠረተ ነው። የዛሬው ግን በአብዛኛው በመነጽር በታየ ወይም በካሜራ በተነሣ፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ከአበባ ላይ በቆየ ወፍ ላይ ይመሠረታል። ስለሆነም በሁለቱ መዝገቦች መካከል የሚታየው ልዩነት በወፎቹ ላይ የደረሰ ለውጥ ነው ወይስ የስም ስሕተት ብቻ የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ መልስ ማግኘት አለበት። ጥያቄው በእጅጉ ከሚከብድባቸው ወፎች መካከል በዚህ ጽሑፍ «አበባ ቀሳሚ» የተባሉት ወፎች ይገኙበታል።

አበባ ቀሳሚና ሃሚንግበርድ

አበባ ቀሳሚ ወፎችን በፎቶግራፍ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «ሃሚንግበርድ» ይላቸዋል። መጠሪያው ግን የተሳሳተ ነው። ሃሚንግበርዶች በአሜሪካ ክፍለ ዓለማት ብቻ የሚኖሩ ሲሆን የቅርብ ዘመዶቻቸው ወንጭፊት መሰል ክንፍ ያላቸውና በአየር ላይ ውለው የሚያድሩት ስዊፍቶች ናቸው። የአፍሪካና የእስያ አበባ ቀሳሚዎች ግን ኔክታሪኒዴ ከተባለው ቤተሰብ የሚመደቡ፣ ከድንቢጥና ከመሰሎቿ ጋር በአንድ ክፍለ መደብ የሚገኙ ወፎች ናቸው። ሁለቱ የተመሳሰሉት በዘር ሐረግ ቀርበው ሳይሆን በአንድ ዓይነት ምግብ ላይ በመሠማራታቸው ነው። ረጅም ምንቃር፣ ወለላ የሚስብ ምላስ፣ አነስተኛ አካልና የሚያብረቀርቅ ላባ በሁለቱም ዘንድ በየፊናቸው ተገኝተዋል። በአመጋገብ ረገድ ሃሚንግበርድ በአየር ላይ ባለበት ቆሞ ሲቀስም፣ አበባ ቀሳሚው አብዛኛውን ጊዜ በቅርንጫፉ ወይም በአበባው ግንድ ላይ ዐርፎ ይቀስማል።

የሃሚንግበርድ ጥናት ግን ለአበባ ቀሳሚዎች ጥናት የሚሆን ትምህርት ትቷል። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል የሚኖሩት ሴላስፎረስ ሩፈስና ሴላስፎረስ ሳሲን የተባሉት ሁለት ዝርያዎች እጅግ ይመሳሰላሉ። በጥቅሉ ሲታይ የመጀመሪያው ወንድ ጀርባው ዝገትማ፣ የሁለተኛው ደግሞ አረንጓዴ ነው። ሆኖም ከመጀመሪያው ዝርያ ጀርባቸው አረንጓዴ የሆነ ወንዶችም ስለሚገኙ የጀርባ ቀለም ጉዳዩን አይቋጨውም። ጋሪ ስታይልስ እ.ኤ.አ. በ1972 «ኮንዶር» በተባለው መጽሔት ባወጣው ጥናት ትኩረቱን ወደ ጅራት ላባዎች ቅርጽ አዞረ። በአዋቂው የሴላስፎረስ ሩፈስ ወንድ ላይ ከመሃል ሁለተኛው የጅራት ላባ ጫፉ አጠገብ ጉድብ አለው፤ በሴላስፎረስ ሳሲን ላይ ይህ ጉድብ የለም፤ ይልቁንም የዳር ላባው እጅግ ቀጭን ነው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ቀለም ሲያታልል የአንድ ላባ ቅርጽ ሊወስን ይችላል።

የሚያብረቀርቅ ቀለም ከየት ይመጣል?

የላባ ቀለም ሁለት ዋና ምንጮች አሉት። የመጀመሪያው በላባው ውስጥ የሚገኝ የቀለም ንጥረ ነገር ነው። ይህ ንጥረ ነገር የተወሰነውን የብርሃን ክፍል ውጦ የቀረውን ይመልሳል። ወፉ ወደ የትኛውም አቅጣጫ ቢዞር እንዲህ ያለው ቀለም ያው ነው፤ ቢጫ ሆድ ከፊትም ከጎንም ቢጫ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የላባው ረቂቅ መዋቅር ነው። አንድ ላባ ዘንግ አለው፤ ከዘንጉ ቅርንጫፎች፣ ከቅርንጫፎቹም ንዑስ ቅርንጫፎች ይወጣሉ። በሚያብረቀርቅ ላባ ንዑስ ቅርንጫፎች ውስጥ ሜላኒን የያዙ ጥቃቅን ቅንጣቶች በኬራቲን መካከል ተራ በተራ ተደርድረዋል። በሃሚንግበርድ ላባ ቅንጣቶቹ ጠፍጣፋና ውስጣቸው አየር የያዘ ሲሆኑ፣ በአበባ ቀሳሚዎች ላባ ጠፍጣፋ ሆነው ውስጣቸው ድፍን ነው። ብርሃን በእያንዳንዱ ንብርብር ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ይመለሳል። ከተለያዩ ንብርብሮች የተመለሱት ሞገዶች ሲገናኙ አንዱ የሞገድ ርዝመት ይጎለብታል፤ ሌላው ይዳከማል። ዓይን የሚያየው የጎለበተውን ነው። የትኛው ቀለም እንደሚጎለብት የሚወስነው የንብርብሮቹ ውፍረትና ርቀት ነው።

ከዚህ አሠራር ለመስክ ሥራ ሦስት ቁም ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ብርሃኑ በይበልጥ አግድም በገባ ቁጥር ከተለያዩ ንብርብሮች በተመለሱት ሞገዶች መካከል ያለው የመንገድ ልዩነት ያጥራል፤ ስለሆነም የሚታየው ቀለም ወደ አጭር የሞገድ ርዝመት ያደላል። በአንድ አቅጣጫ አረንጓዴ የታየው አናት ወፉ አንገቱን ሲያዞር ሰማያዊ ሊመስል ይችላል። ሁለተኛ፣ ብርሃኑ ወደ ተመልካቹ ካልተመለሰ ሜላኒኑ ስለሚውጠው ላባው ጥቁር ሆኖ ይታያል። ፀሐይ ከኋላው የሆነች ወፍ «ጥቁር ወፍ» ተብሎ የሚመዘገበው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛ፣ ይህ ሁሉ ለውጥ የሚደርሰው በሚያብረቀርቀው ክፍል ላይ ብቻ ነው፤ የማያብረቀርቁት ክፍሎች ባሉበት ይጸናሉ። ስለዚህ «አረንጓዴ ነበር» የሚል ማስታወሻ የሚነግረን የላባውን ጠባይ ብቻ ሳይሆን የፀሐይን፣ የወፉንና የተመልካቹን አቀማመጥ ጭምር ነው።

የአዋቂ ወንዶች መለያ

የተከዜ አበባ ቀሳሚ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኔክታሪኒያ ታካዜ፣ ስሙን ያገኘው ከተከዜ ወንዝ ነው። ለሳይንስ የተገለጠውም ሄንሪ ሶልት ስለ ኢትዮጵያ ጉዞው እ.ኤ.አ. በ1814 ካሳተመው መጽሐፍ ጋር በተያያዘ በኤድዋርድ ስታንሊ ነው። የደጋ ወፍ ሲሆን፣ የወንዱ ርዝመት ከጅራቱ ጋር 23 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ራሱ አረንጓዴ የተቀላቀለበት ነሐስማ፣ ደረቱና ጀርባው ሐምራዊ፣ ሆዱ ጥቁር ነው፤ ሁለቱ የመሃል ጅራት ላባዎች ከሌሎቹ በጣም ረዝመው ይወጣሉ። ከሩቅ ግን አካሉ በሙሉ ጥቁር ይመስላል።

ከዚህ ወፍ ጋር በመጀመሪያ የሚምታታው በኢትዮጵያ ደጋዎችም የሚኖረው ኔክታሪኒያ ፋሞሳ ነው። እርሱም ትልቅና ረጅም ጅራት ያለው ሲሆን፣ በመራቢያ ላባው ጊዜ አካሉ በሙሉ ጥልቅ አረንጓዴ ነው። ሁለቱን በአረንጓዴና በሐምራዊ ብቻ ለመለየት መሞከር በክፉ ብርሃን ያሳስታል። የተሻለው መለያ በደረት ጎን ከክንፉ ሥር የሚገኘው ትንሽ የላባ ጉንጉን ነው። ኔክታሪኒያ ፋሞሳ ቢጫ ጉንጉን ሲኖረው የተከዜው የለውም። ቢጫው ከቀለም ንጥረ ነገር የሚመጣ በመሆኑ ወፉ ቢዞርም አይለወጥም። ጉንጉኑ በታጠፈ ክንፍ ሊሸፈን ስለሚችል ግን አለመታየቱ ብቻውን የሌለ መሆኑን አያረጋግጥም፤ መታየቱ ማስረጃ ነው፣ አለመታየቱ ግን ጥርጣሬ ብቻ ነው።

ሁለተኛው አምታች መዳብማው ሲኒሪስ ኩፕሬውስ ሲሆን በምዕራብ ኢትዮጵያ ይገኛል። ራሱና ደረቱ መዳብማ፣ ጀርባው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ ሆዱ ጥቁር በመሆኑ በቀለም ቃላት ሲገለጽ ከተከዜው ብዙ አይርቅም። ይሁንና አካሉ በእጅጉ ያነሰ፣ ምንቃሩ አጭር ሲሆን ረጅም የመሃል ጅራት ላባ የለውም። ችግሩ የሚመጣው የተከዜው ወንድ የጅራት ላባውን ጥሎ አዲሱ ገና ሲያድግ ነው። በዚህ ጊዜ የአካሉ መጠን፣ የምንቃሩ ርዝመትና ጥምዘት፣ እንዲሁም ነሐስማው ራስ ከሐምራዊው አካል ጋር ያለው ንጽጽር ይታያል።

ቀይ ደረቱ ካልኮሚትራ ሴኔጋሌንሲስ ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን አዋቂው ወንድ አይምታታም። አካሉ ጥቁር ቡናማ፣ ደረቱ ደማቅ ቀይ፣ ግንባሩና ጉሮሮው የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ነው። ቀዩ ላባ ቀረብ ተብሎ ሲታይ ቀጫጭን ሰማያዊ ሰረዞች ይታዩበታል፤ በአንድ ላባ ላይ ሁለቱ የቀለም ምንጮች አብረው መገኘታቸውን የሚያሳይ ግሩም ምሳሌ ነው።

ከትንንሾቹ መካከል ሲኒሪስ ቬኑስቱስ ርዝመቱ ከ10 እስከ 11 ሳንቲ ሜትር ነው። የላይኛው አካሉ ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ደረቱ ሐምራዊ ሲሆን የሆዱ ቀለም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በኢትዮጵያ ደጋ የሚኖረው ንዑስ ዝርያ ሆዱ ቢጫ ሲሆን፣ በምሥራቁ ቆላ የሚኖረው ሆዱ ነጭ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ጀማሪ ሁለት ዝርያዎች ናቸው ቢል አይፈረድበትም። ይህም በቀለም ንጥረ ነገር የሚመጣ የጸና ቀለም እንኳ ሁልጊዜ የዝርያ ድንበር እንደማይሆን ያስተምራል። ከዚሁ ወፍ ጋር ሊምታታ የሚችለው ሲኒሪስ ፑልኬሉስ ደግሞ ቢጫው በቀዩ የደረት ክፍል ግራና ቀኝ የተወሰነ ነው፤ የመሃል ጅራት ላባዎቹም ረጅም ናቸው። ሲኒሪስ ማሪኬንሲስ በበኩሉ ደረቱን የሚያቋርጥ ጥቁር ቀይ መቀነት አለው፤ ሆዱ ጥቁር ነው፤ ቢጫ ሆድም ረጅም ጅራትም የለውም።

ሴቶች፣ ወጣቶችና ላባ የቀየሩ ወንዶች

እውነተኛው ፈተና የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሴቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያብረቀርቅ ላባ ስለሌላቸው ብዙ መዝገቦች ይዘሏቸዋል፤ ወይም አብሯቸው በታየው ወንድ ስም ይመዘግቧቸዋል። ይህ አሠራር አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ያበበ ዛፍ ላይ የተለያዩ ዝርያዎች በአንድ ጊዜ ይመጣሉ።

ለሴቶች የሚያገለግሉት ምልክቶች ሦስት ናቸው፦ የፊት ጥለት፣ የሆድ ጥለትና የአካል መጠን። የተከዜዋ ሴት ትልቅ፣ ግራጫ የተቀላቀለባት የወይራ ቀለም ስትሆን፣ ከዓይኗ በላይ ነጣ ያለ ቅንድብ፣ ከጉንጯ በታች ሌላ ነጣ ያለ መስመር አላት፤ በመካከላቸው ያለው ጠቆር ያለ ክፍል ጭምብል ያጠለቀች ያስመስላታል። የቀይ ደረቱ ሴት ጀርባዋ ጥቁር ቡናማ፣ ቅንድብ የሌላት፣ ሆዷ በቢጫማ መደብ ላይ በጥቁር ቡናማ በብዛት የተዥጎረጎረ ነው። የሲኒሪስ ቬኑስቱስ ሴት ትንሽ ናት፤ የሆዷ ላባ ነጣ ያለ ቢጫማና ዝንጉርጉርነት የማይታይበት ነው። የሲኒሪስ ማሪኬንሲስ ሴት ግን በደረቷና በሆዷ ላይ ጠቆር ያሉ ሰረዞች አሏት። ስለሆነም «ሆዱ ንጹሕ ነው ወይስ የተሰረዘ?» የሚለው ጥያቄ በአንድ እይታ አማራጮቹን በግማሽ ይቀንሳል።

ወጣት ወንዶች በመልካቸው ከሴቶች ይቀርባሉ፤ በብዙ ዝርያዎች ዘንድ ግን ጉሮሯቸው ይጠቁራል። የቀይ ደረቱ ወጣት ወንድ ሌላው አካሉ ገና እንደ እናቱ ዝንጉርጉር ሳለ ቀዩ በደረቱ ላይ መታየት ይጀምራል። በተጨማሪም እንደ ሲኒሪስ ፑልኬሉስ፣ ሲኒሪስ ኩፕሬውስና ኔክታሪኒያ ፋሞሳ ያሉት ዝርያዎች ወንዶች ከመራቢያ ወቅት ውጭ የሚያብረቀርቀውን ላባ በአብዛኛው ጥለው ሴት መሰል ላባ ይለብሳሉ። በዚህ ጊዜ እዚህም እዚያም የቀሩ የሚያብረቀርቁ ላባዎች፣ ከሴቷ ይልቅ የጠቆሩ ክንፎችና፣ በረጅም ጅራታሞቹ ዘንድ፣ ተርፈው የሚቆዩ የመሃል ጅራት ላባዎች ይፈለጋሉ።

የማስረጃ ቅደም ተከተል

እስካሁን የተነገረው ሲጠቃለል ምልክቶችን በጽናታቸው ደረጃ መደርደር ይቻላል። ቀዳሚው ቅርጽ ነው፤ የአካል መጠን፣ የምንቃር ርዝመትና ጥምዘት፣ የጅራት ላባዎች ርዝመት። ሁለተኛው የማያብረቀርቁ ክፍሎች ናቸው፤ የሆድ ቀለም፣ የደረት ጎን ጉንጉን፣ የቅንድብና የጉንጭ መስመር፣ የሰረዝ መኖርና አለመኖር። ሦስተኛው የድንበር ቦታ ነው፤ የሚያብረቀርቀው ክፍል የሚያልቀው ጉሮሮ ላይ ነው ወይስ ደረት ላይ የሚለው ብርሃን ቢለዋወጥም አይለወጥም። የሚያብረቀርቀው ቀለም ስም የሚመጣው በአራተኛ ደረጃ ነው። ከፍታና መልክዐ ምድር ደጋፊ እንጂ ወሳኝ መሆን የለባቸውም፤ ዝርያው በዚያ ከፍታ ላይ መኖር አለመኖሩ ራሱ የጥናቱ ጥያቄ ስለሆነ መልሱን አስቀድሞ እንደ ማስረጃ መጠቀም ክርክሩን በራሱ ላይ ያዞረዋል።

ለምሳሌ ዳንግላ አጠገብ ባበበ ኮርች ላይ ጥቁር የመሰለ አበባ ቀሳሚ ከፀሐይ ተቃራኒ በኩል ፎቶግራፍ ተነሣ እንበል። የመሃል ጅራት ላባዎቹ ረጅም ከሆኑ ቀይ ደረቱ፣ ሲኒሪስ ቬኑስቱስና ሲኒሪስ ኩፕሬውስ ወዲያው ይወጣሉ። አካሉ ትልቅ፣ ምንቃሩ ረጅምና ጥምዝ ከሆነ ትንሹ ሲኒሪስ ፑልኬሉስም ይወጣል። የቀሩት የተከዜውና ኔክታሪኒያ ፋሞሳ ናቸው። ክንፉን ባነሣበት ሌላ ምስል ላይ ቢጫ ጉንጉን ከታየ ውሳኔው ለኋለኛው ነው። ክንፉ እንደተነሣ የደረቱ ጎን በግልጽ ታይቶ ጉንጉን ከሌለ፣ ራሱና አካሉም በጥላ ውስጥ እንኳ የተለያየ ቃና ካሳዩ ውሳኔው ወደ ተከዜው ያዘነብላል። ክንፉ ታጥፎ ብቻ ከታየ ግን ትክክለኛው መዝገብ «ኔክታሪኒያ፣ ዝርያው ያልተለየ» የሚለው ነው። እንዲህ ያለው መዝገብ እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም፤ የተሳሳተ ስም ከመረጃው ውስጥ ነቅሶ ማውጣት አስቸጋሪ ሲሆን፣ በወገን ደረጃ የተያዘ መዝገብ ግን በኋላ በተሻለ ማስረጃ ሊሟላ ይችላል።

ለአካባቢው ጥናት ያለው ፋይዳ

የአዊ ዞን ከጃዊ ቆላ ተነሥቶ፣ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በዳንግላ በኩል አልፎ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ወደሚገኘው የእንጅባራ ደጋ ይወጣል። በአጭር ርቀት ውስጥ የቆላና የደጋ ዝርያዎች የሚቀራረቡበት እንዲህ ያለ ቦታ የወፎች ሥርጭት ከከፍታ ጋር ያለውን ግንኙነት ለማጥናት ይመቻል። የሙቀት መጨመር የቆላ ዝርያዎችን ወደ ላይ ይገፋል ወይ የሚለው ጥያቄም እዚህ ሊፈተን ይችላል። ሲኒሪስ ኩፕሬውስ በስሕተት በተከዜው ስም፣ ወይም የተከዜው በእርሱ ስም ከተመዘገበ ግን ያልነበረ የሥርጭት ለውጥ ይፈጠራል፤ የነበረውም ይሰወራል።

ሌላው ጉዳይ የመሬት አጠቃቀም ነው። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ለከሰል ምርት የሚተከለው ዲከረንስ የተባለው የግራር ዝርያ በሰፊው ተስፋፍቷል። የዲከረንስ አበባ ጥቃቅን ቢጫ እንክብሎች እንጂ እንደ ኮርች ወይም እንደ እሬት ለረጅም ምንቃር የሚስማማ ቱቦ መሰል አበባ አይደለም። ይህ ለውጥ ረጅም ምንቃር ያላቸውንና አጭር ምንቃር ያላቸውን አበባ ቀሳሚዎች በእኩል ይነካ እንደሆነ ለመመርመር በመጀመሪያ ዝርያዎቹን በትክክል መቁጠር ግድ ይላል። «አበባ ቀሳሚ ወፍ፣ 12» የሚል መዝገብ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሰጥም።

በተግባር ሦስት እርምጃዎች ይመከራሉ። የመጀመሪያው እያንዳንዱን ወፍ ከአንድ በላይ አቅጣጫ ፎቶግራፍ ማንሣትና የብርሃኑን አቅጣጫ መመዝገብ ነው። ሁለተኛው ስሙ የተወሰነበትን ምልክት ከስሙ ጎን መጻፍ ነው፤ «የተከዜ፣ ወንድ፣ ረጅም የመሃል ጅራት፣ የደረት ጎን ታይቶ ጉንጉን የሌለው» የሚል መስመር ከሃምሳ ዓመት በኋላም ሊመረመር ይችላል። ሦስተኛው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እንዳለው ካሉ የናሙና ስብስቦች ጋር ማነጻጸር ነው። በዚህ ረገድ ጥንቃቄ የሚያሻው የቆዩ ናሙናዎች ላይ ከቀለም ንጥረ ነገር የመጣው ቢጫና ቀይ ከዘመን ብዛት ሊደበዝዝ ሲችል፣ ከመዋቅር የመጣው የሚያብረቀርቅ ቀለም የተሻለ ስለሚቆይ ነው። በመስክ አታላይ የነበረው ምልክት በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ይጸናል፤ በመስክ የጸናው ደግሞ በመሳቢያ ውስጥ ይደክማል።

ማጠቃለያ

አበባ ቀሳሚ ወፎች ዓይንን የሚስቡት በሚያብረቀርቅ ላባቸው ነው፤ የዝርያ መለያ ሆኖ ሲቀርብ ግን ደካማው ምልክት ይኸው ነው። ምክንያቱ የተመልካቹ ልምድ ማነስ ብቻ ሳይሆን ቀለሙ ከብርሃን አቅጣጫ ጋር የሚለዋወጥ የመዋቅር ውጤት መሆኑ ነው። ቅርጽን፣ የማያብረቀርቁ ክፍሎችንና የጥለት ድንበሮችን ያስቀደመ፣ ሴቶችንና ወጣቶችን ያልዘለለ፣ እርግጠኛ ባልሆነበትም በወገን ደረጃ የቆመ መዝገብ የቺዝማንና የስክሌተር ሥራ ካቆየው መነሻ ጋር ለመነጻጸር ብቁ ይሆናል። የዳንግላ አካባቢ መነሻው አለው፤ የሚቀረው ከእርሱ ጋር የሚመጥን የዛሬ መዝገብ ነው።